ሠራተኛን የሚያተጋ አለቃ

(በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ነገ ግማሾቻችን ታዛዦች፣ ግማሾቻችን አዛዦች እንሆናለን። ስለዚህ ሰውን ለሥራ የሚያተጋው ምን እንደ ሆነ ከአሁኑ ማሰብ ይገባናል። ሥራ በተበላሸ ጊዜ ብዙ ሰው «ሠራተኛው ሰነፍ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ይህን ፍርድ ለመመርመር አንድ ምሳሌ ላቅርብ።

በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት በምትባል ከተማ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ነበረው። ደመወዙ መልካም ነበር፤ ነገር ግን አለቃና ሠራተኛ እንደ ጠላት ይተያዩ ነበር። አንዳንድ ቀን ከመቶው ሠራተኛ 20 ያህሉ ከሥራ ይቀር ነበር። ፋብሪካውም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም. ተዘጋ።

በ1984 ዓ.ም. የጃፓኑ ቶዮታ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ተሻርኮ እንደ ገና ከፈተው። የሚያስደንቀው ግን በመጀመሪያ ከተቀጠሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ እነዚያው «ሰነፎች» የተባሉት መሆናቸው ነው።

ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው? ማንኛውም ሠራተኛ ስሕተት ሲያይ ገመድ ስቦ ርዳታ እንዲጠራ፣ ነገሩ ካልተቃና ሥራው እንዲቆም ሥልጣን ተሰጠው። ገመዱ ሲሳብ የቡድኑ መሪ የሚመጣው ሊቈጣ ሳይሆን ሊረዳ ነው። አለቃና ሠራተኛ በአንድ አዳራሽ ይመገቡ ጀመር። ኋላም ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ ሠራተኛውን በማሰናበት ፈንታ ትምህርት ሰጡት። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ከሥራ የሚቀረው ሰው እጅግ አነሰ፤ መኪናዎቹም በጥራታቸው ተመሰገኑ። ጄኔራል ሞተርስ ከሽርክናው ከወጣ በኋላ ፋብሪካው በ2010 ዓ.ም. ቢዘጋም ትምህርቱ አልተዘጋም።

እኔም የክፍል አለቃ ሳለሁ፣ ክፍል ለመጥረግ ያልመጡትን ልጆች ስም እየጻፍሁ ለመምህራችን እሰጥ ነበር። ዝርዝሩ ረዘመ እንጂ ክፍሉ አልጠራም። አንድ ቀን መምህራችን ወረቀቱን ተቀብለው፣ «ለምን እንደ ቀሩ ጠይቀሃቸዋልን?» አሉኝ። አልጠየቅሁም ነበር። በጠየቅሁ ጊዜ ሁለቱ ከሩቅ መንደር በእግር የሚመጡ መሆናቸውን ተረዳሁ። ተራቸውን ወደ ከሰዓት በኋላ አዛወርነው፤ እኔም መጥረጊያ ያዝሁ። ከአንድ ልጅ በቀር ሁሉም ይመጡ ጀመር።

አባቶቻችን «ውኃን ምን ያጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ» ይላሉ። እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ አለቆች በሆንን ጊዜ በውኃው ከመቈጣታችን በፊት ድንጋዩን እንፈልግ። ምናልባትም ድንጋዩ እኛው ራሳችን እንሆን ይሆናል። ደመወዝ የሠራተኛውን እጅ ወደ ሥራው ያመጣል፤ ልቡን የሚያመጣው ግን መታመኑና መከበሩ ነው።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።