ትልቅ ዘንባባ ነቅሎ ስለ መትከል



እኛ ከወንዙ ማዶ ያለነው ገበሬዎች ዛሬ ወደ እናንተ የመጣነው ስለ ዘንባባ ልንነጋገር ነው። በምንጫችን አጠገብ 3 ትልልቅ ዘንባባዎች ነበሩ። ዛሬ ያለው 1 ብቻ ነው። ሁለቱን የገደልናቸው እኛው ራሳችን ነን። አሁን መንገዱ ወደ እናንተ ይመጣል። የእናንተም ዘንባባዎች መንገዱ በሚያልፍበት ላይ ቆመዋል። እኛ ያጠፋነውን እናንተ እንዳትደግሙት ብለን መጣን።

ዘንባባ ምን ያደርግልናል? ከቅጠሉ ሰሌን፣ ቅርጫትና መጥረጊያ ይሠራል። ለሆሣዕና በዓል የምንይዘውም እሱን ነው። በመንደራችን ሰሌን ሠርተው፣ ገበያ አውጥተው የሚሸጡ እናቶች አሉ። ዘንባባው ሲጠፋ የእነሱም እንጀራ ይጠፋል።

ዘንባባ እንደ ግራር አይደለም። ግራር ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር አለው፤ ካደገ በኋላ ቢነቀል አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ዘንባባ ግን ዋና ሥር የለውም። ከግንዱ ግርጌ ብዙ ቀጫጭን ሥሮች ይወጣሉ። ስለዚህ ትልቅ ከሆነ በኋላም ተነቅሎ ሊተከል ይችላል። ግንዱ የሚያድገው ግን በአናቱ ላይ ባለው በአንድ ልብ ብቻ ነው። ልቡ ከሞተ ያ ግንድ አለቀለት።

የመጀመሪያውን የነቀልነው በታኅሣሥ ነው። አዝመራው ተሰብስቦ እጃችን የፈታበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን አገራችን ብርድ ነው። በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ መሬቱም ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። በቀዝቃዛ መሬት ዘንባባ ቶሎ ሥር አያወጣም። በዚያ ላይ ነፋስ እንዳይጥለው ብለን ግንዱን 2 ክንድ ያህል ቀበርነው። ሥሩ አየር አጥቶ በሰበሰ።

ሁለተኛውን ገመድ በአናቱ አስረን ጎተትነው። ቅጠሉ ጥቂት ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ስለ ቆየ ድኗል ብለን ነበር። በኋላ የልቡን ቅጠል ሳብ ብናደርገው ተመዞ እጃችን ላይ ቀረ። ልቡ ተሰብሮ ኖሯል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባል የለ? እኛ ግን ያፈሰስነውን መልቀም እንኳ አልቻልንም።

በዚህ ጊዜ አንዲት ሰሌን ሠሪ እናታችን፣ «ልጆቼ፣ እህል እንኳ የሚዘራው ወቅቱን ጠብቆ ነው» አሉን። እኛም የመንገዱን ሠራተኞች ለመንን። እስከ ሰኔ ጠበቁን። ሦስተኛውን እንዲህ አድርገን ተከልነው፤

አንደኛ፣ ዝናቡ ጀምሮ መሬቱ እስኪርስ ቆየን።

ሁለተኛ፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ከነፋስ የተከለለ ቦታ መርጠን ጉድጓዱን አስቀድመን ቆፈርን።

ሦስተኛ፣ የታችኞቹን አሮጌ ቅጠሎች ቆረጥን። የቀሩትን ልቡን እንዲጠብቁ ወደ ላይ ሰብስበን በልጥ አሰርን።

አራተኛ፣ ከግንዱ 1 ክንድ ያህል ርቀን ዙሪያውን ቆፈርን። ሥሩን ከነአፈሩ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልን።

አምስተኛ፣ 30 ሰው ሆነን በወሳንሳ ተሸከምነው እንጂ አልጎተትነውም።

ስድስተኛ፣ ድሮ በነበረበት ጥልቀት ተከልነው። ግንዱን ምስማር ሳንመታ በ3 ባላ ደገፍነው።

ዝናቡ ሲያባራ ውሃ እያጠጣን ቆየን። ኅዳር ሲገባ ግርጌውንም ልቡንም በገለባ ሸፈንን፤ ውርጩ ሲያልፍ ገለጥን። የውጭ ቅጠሎቹ ሲደርቁ በጣም ፈርተን ነበር። ነገር ግን ከልቡ አዲስ ቅጠል ብቅ አለ። ያን ቀን እናቶች እልል አሉ። ባላውን ያነሣነው 1 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ወገኖቻችን! ገና ግንድ ያላወጣውን ትንሽ ዘንባባ አትንቀሉ፤ ሥሩ ስላልጠና አይችልም። ለበዓል ቅጠል ስትቆርጡም ልቡን አትጉዱ። እኛ የመንገዱን ሠራተኞች የለመንነው ሁለቱ ከሞቱ በኋላ ነው። እናንተ ግን ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁ። የምትነቅሉበት ቀን ሲደርስ ላኩብን። ወሳንሳውን ይዘን እንመጣለን።