የጆሮ ማዳመጫን ድምፅ ማረም፦ ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር የሚችለውና የማይችለው



ሙዚቃ የምታቀናብሩም ሆናችሁ ከመስክ የተቀዳ ዜማ ወደ ኖታ የምትገለብጡ፣ ሥራችሁን የምትመዝኑት በአብዛኛው በጆሮ ማዳመጫ ነው። ሚዛኑ ራሱ የተዛባ ከሆነ ስሕተቱ በማዳመጫው ውስጥ አይቀርም፤ ወደ ሥራው ይሻገራል። ማዳመጫው በ100 ኸርዝ አካባቢ 6 ዴሲቤል የሚጨምር ቢሆን፣ አቀናባሪው የከበሮው ድምፅ የበዛ ይመስለውና ይቀንሰዋል። ያው ቅጂ በሌላ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ ከበሮው ሳስቶ ይገኛል። ስለዚህ መታረም የሚገባው ቅጂው ሳይሆን ማዳመጫው ነው።

ለዚህ እርማት የምንጠቀምበት ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር ስሙን ያገኘው ጆርጅ ማሰንበርግ እ.ኤ.አ. በ1972 ለኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ማኅበር ካቀረበው ጽሑፍ ነው። በየስልካችሁ ያለው ባለ ብዙ ዘንግ ኢኳላይዘር የሚነካቸው ድግግሞሾች አስቀድመው የተወሰኑ ናቸው። ፓራሜትሪኩ ግን ሦስት ነገሮችን ለተጠቃሚው ይተዋል፦ የትኛው ድግግሞሽ እንደሚነካ፣ በስንት ዴሲቤል እንደሚጨመር ወይም እንደሚቀነስ፣ እርማቱም ምን ያህል ጠባብ እንደሚሆን። ሦስተኛው «ኪው» ይባላል፤ መካከለኛው ድግግሞሽ ለእርማቱ ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። በ6000 ኸርዝ ላይ ኪው 4 ብንመርጥ ስፋቱ 1500 ኸርዝ ይሆናል። ቁጥሩ ባደገ መጠን እርማቱ ይጠባል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን «ወደ ምን እናርመው?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው የመለኪያው መስመር ቀጥ ካለ ድምፁ ትክክል የሆነ ይመስለዋል። ለድምፅ ማጉያ ይህ ከእውነት ብዙም አይርቅም፤ ለጆሮ ማዳመጫ ግን አይሠራም። ከፊታችን የሚመጣ ድምፅ ታምቡራችን ላይ ከመድረሱ በፊት የጆሯችን ቅርጽና የጆሮ ቦያችን በ3000 ኸርዝ አካባቢ ያጎሉታል፤ አንጎላችንም ይህን እንደ ተፈጥሯዊ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ታምቡር ላይ ሲለካ ጥሩ ማዳመጫም በዚያው አካባቢ ከፍታ ሊኖረው ይገባል። ያንን ከፍታ እንደ ጉድለት ቆጥሮ የሚያስተካክል ሰው የዘፋኙን ድምፅ ከመጋረጃ በስተጀርባ ያስቀምጠዋል። ሾን ኦሊቭና ቶድ ዌልቲ በሃርማን ኩባንያ ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ አድማጮች በአብዛኛው የሚመርጡት በጥሩ ክፍል ውስጥ ያለ ጥሩ ድምፅ ማጉያ የሚሰጠውን ዓይነት ሚዛን እንደሆነ አሳይተዋል። ከዚያ የተገኘው የሃርማን መስመር በእኔ አስተያየት መልካም መነሻ ነው፤ ሕግ አድርገው የሚያመልኩት ግን እንዳሉ አውቃለሁ።

በተግባር ስትሠሩ ከመጨመር ይልቅ መቀነስን አስቀድሙ። በአንድ ድግግሞሽ ላይ 6 ዴሲቤል ከጨመራችሁ፣ ጠቅላላውን የዲጂታል መጠን ቢያንስ በዚያው ልክ ዝቅ አድርጉ፤ አለዚያ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ስታነጻጽሩም የሁለቱን ድምፅ መጠን እኩል አድርጉ። ጎላ ብሎ የተሰማው ሁሉ ለጆሮ የተሻለ ይመስላልና፣ ብዙ «ማሻሻያ» የሚባለው ነገር ከዚህ የሚያልፍ አይደለም።

ከ8000 ኸርዝ በላይ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። በ8000 ኸርዝ የድምፅ ሞገድ ርዝመት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከጆሮ መጠን ጋር ይቀራረባል ማለት ነው። ማዳመጫው በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲንሸራተት በግራፉ ላይ ያያችሁት ጉድጓድ ቦታውን ይቀይራል፤ ከአንዱ ሰው ጆሮ ወደ ሌላው ደግሞ የበለጠ ይለያያል። በሌላ ጆሮ የተለካን ጠባብ ጉድጓድ በእናንተ ጆሮ ላይ መሙላት ሌላ ሰው በተለካበት ልክ ልብስ እንደማሰፋት ነው።

ኢኳላይዘር ጨርሶ የማያድነውም አለ። የመነጽር ዘንግ ወይም ወፍራም ሹሩባ የማዳመጫውን ትራስ ከጆሮ ዙሪያ ከፈት ካደረገው ወፍራሙ ድምፅ በዚያ ሾልኮ ይወጣል። ይህን በኢኳላይዘር ለመሙላት መሞከር ድምፅ አመንጪውን ከአቅሙ በላይ ያስጨንቀዋል፤ መዛባትም ይጨምራል። ትራሱን ማስተካከል ይቀላል፤ ዋጋም አያስከፍልም።

ከመስክ ቅጂ ጋር ለምትሠሩ አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። የማዳመጫ እርማት በአዳማጩ መንገድ ላይ ብቻ ይቀመጥ፤ ለቤተ መዛግብት በሚቀመጠው ፋይል ላይ ፈጽሞ አይታተም። የማሲንቆው የፈረስ ጭራ ሲፋተግ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ለጆሯችሁ ቢከብድም፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ተመራማሪ ማስረጃው እርሱ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ማሳያው እንለፍ። አንድ ቅጂ በሁለት ቅንብሮች፣ በእኩል መጠን፣ በየተራ በማዳመጫዎቻችሁ ትሰማላችሁ። የትኛው የታረመው እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ምርጫችሁን በወረቀት ጻፉና ከዚያ በኋላ እንወያያለን።