ፈቃድ የሚሰጠው ባለ አካሉ ነው

በደማምና በአልኮባር የምትኖሩ ወገኖቼ፣

ለጥናት ደም ወይም ቃል ስጡ ብትባሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ደንብ የተሳታፊውን ነጻ ፈቃድ የማይታለፍ ግዴታ እንዳደረገ አስታውሱ። ሳዑዲ ዓረቢያም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው የምርምር ሥነ ምግባር ሕግ ፈቃድን ግዴታ አድርጋለች።

ለኢቃማ የሚደረገው የጤና ምርመራ የሕግ ግዴታ ነው፤ ምርምር ግን ከዚህ የተለየ ነው። አሠሪ ጉልበታችሁን በውል ቀጠረ እንጂ አካላችሁን አልገዛም፤ ስለ እናንተ ሊፈቅድ አይችልም። የጥናቱን ዓላማ፣ ጉዳቱንና የምስጢር አጠባበቁን በምትረዱት ቋንቋ አስነግሩ። ያልተነበበላችሁን ወረቀት አትፈርሙ። እምቢ ማለት፣ ከጀመሩም በኋላ ማቋረጥ መብት ነው፤ በዚህ ምክንያት ደመወዝም ሆነ ሕክምና ሊጓደል አይገባም። የተገደዳችሁ እንደሆነ የወረቀቱን ቅጂ ይዛችሁ ለጽሕፈት ቤታችን አመልክቱ።