ስለ ጫጩቶች ማደሪያ
ለገጠር እናቶችና ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጫጩት ነው። የጤና ሠራተኛ ስለ ጫጩት ምን አገባው? የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ቤት ንጽሕና ለመነጋገር ከቤት ወደ ቤት ስንዞር፥ ብዙ ጊዜ ወለሉ ተጠርጎ፥ እንስራው ተከድኖ፥ ዕቃው ታጥቦ እናገኛለን። ከምድጃው አጠገብ ግን ቅርጫት ተደፍቷል፤ ከቅርጫቱ ሥር እናት ዶሮ ከነጫጩቶቿ አለች፤ ከዚያ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ የሕፃኑ መኝታ ተነጥፏል። በአንድ ቤት በዳዴ የሚሄድ ልጅ ከወለሉ አንድ ነገር አንሥቶ ወደ አፉ ሲያደርግ አየንና «ምን በላ?» ብለን እናቱን ጠየቅናት። «ጥሬ ይሆናላ!» አለችን። ጥሬ አልነበረም፤ የዶሮ ኩስ ነበር። ልጁ በዚያው ወር ሁለት ጊዜ ተቅማጥ ይዞት እንደ ነበረ በኋላ ነገረችን።

እናቲቱን አልወቀስናትም። «ውጭ ባሳድራቸው ሸለምጥማጥ በአንድ ሌሊት ይጨርሳቸዋል፤ ጨውና ሳሙና የምገዛው ደግሞ በእንቁላሉ ነው» አለች። እውነቷን ነው እኮ። ስለዚህ «ዶሮን ከቤት አውጡ» ብሎ ተናግሮ መሄድ ምክር አይባልም። ወጥታ የት ትደር? የሚለው መመለስ አለበት።

በዶሮ ኩስ ውስጥ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የሚባሉ፥ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ይገኛሉ። ዶሮዋ ምንም ሳትታመም ልትሸከማቸው ትችላለች፤ ወደ ሰው ሆድ ሲገቡ ግን ተቅማጥ፥ ትኩሳትና ቁርጠት ያመጣሉ። ተቅማጥ የሚመላለስበት ሕፃን የበላው ሁሉ አይጠቅመውም፤ ዕድገቱም ይገታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ በኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት፥ ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመታቸው የተሻሉ መሆናቸውን ይናገራል። ዶሮዎች ሌሊት በመኖሪያ ቤት ውስጥ ማደራቸው ግን ከልጆች ቁመት ማነስ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። እንግዲህ ዶሮዋን አትሽጧት፤ ማደሪያዋን ለዩላት ማለት ነው።

ቦታው ከቤታችሁ ግድግዳ ብዙ ያልራቀ፥ ሌሊት ዶሮዋ ስትጮኽ የሚሰማ ይሁን። ነፋስ ከሚመጣበት በኩል ጀርባውን፥ የጠዋት ፀሐይ ከምትወጣበት በኩል ፊቱን አድርጉት። ዝናብ ውኃ የሚቋጥርበት ረባዳ መሬት አይሆንም፤ እርጥበት ለጫጩት ከብርድ የሚብስ ነው።

ቤቱን በአራት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ላይ፥ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ። ወለሉ ቀርከሃ ወይም ቀጭን አጣና ሊሆን ይችላል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ወለል ለአንዲት እናት ዶሮና ለ10 ያህል ጫጩቶቿ ይበቃል፤ ካደጉ በኋላ ግን በዚያው ወለል ላይ ከ4 ወይም ከ5 ዶሮ በላይ አታሳድሩ። ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ፥ ከላይ ከክዳኑ ሥር አየር የሚገባበት ክፍተት ይተውለት። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ሽታው ዓይናችሁን የሚያቃጥል ከሆነ፥ ወይ አየር አንሶታል ወይ ጉዝጓዙ ረጥቧል።

አሁን ወደሚያስፈራችሁ ነገር እንምጣ። ሸለምጥማጥ፥ አይጥና እባብ የሚገቡት በትንሽ ቀዳዳ ነው። የአውራ ጣት ስፋት ያለው ቀዳዳ ለአይጥ በቂ ነው፤ አይጥ በገባበት ደግሞ እባብ ይከተላል፤ ጫጩትም እንቁላልም ይውጣል። ስለዚህ የአየር መግቢያውን ዓይኑ ጠባብ በሆነ ሽቦ ሸፍኑት፤ ሽቦ ከሌለ ቀርከሃ ሰንጥቃችሁ ትንሿ ጣት እንዳትገባ አድርጋችሁ አጠጋግታችሁ እሰሩት። አራቱን ቋሚዎች በመካከላቸው ላይ በአሮጌ ቆርቆሮ ጠቅልሏቸው፤ ቆርቆሮው ስለሚያንሸራትት አይጥ መውጣት ይቸግረዋል። የሸለምጥማጡ ነገር ሌላ ነው፤ መዝለል ያውቅበታል፤ ለእርሱ መድኃኒቱ በደንብ የሚገጥም በርና ጠንካራ መቀርቀሪያ ነው። የተረፈ እህል ደግሞ ማታ ከቤቱ ውስጥም ከሥሩም አታሳድሩ። አይጥን የሚጠራው እርሱ ነው፤ ቤታችሁ ውስጥ እባብ የሚገባውም ብዙ ጊዜ አይጥ ፍለጋ ነው።

ስለ ሙቀት ብዙ እናቶች ይጠይቁናል። ጫጩት በተፈለፈለች በመጀመሪያው ሳምንት የምትፈልገው ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህ ከሰው ገላ ሙቀት በጥቂቱ የሚያንስ ነው። ይህን ሙቀት እናትየው በክንፏ ሥር ትሰጣቸዋለች። የእናንተ ድርሻ ወለሉን በደረቅ የጤፍ ጭድ አራት ጣት ያህል ጎዝጉዞ ነፋሱን መከልከል ነው። ጭዱ የጫጩቶቹ እግር በአጣናው መካከል እንዳይገባም ይከላከላል። በቂ መሆኑን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልግም፤ ጫጩቶቹን ማየት ነው። ተደራርበው ሳያቋርጡ የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ተበታትነው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል፤ በየቦታው ጋደም ብለው ዝም ካሉ ተመችቷቸዋል። እናት ለሌላቸው ብላችሁ ሰው በተኛበት ዝግ ቤት ከሰል አታንድዱ። የከሰል ጢስ ጫጩቱንም ባለቤቱንም ይገድላል። ለዚህ ይልቅ ሌላ የምታቅፍ ዶሮ ፈልጋችሁ ማታ በጨለማ ከሥሯ አስገቡላት፤ ብዙ ጊዜ ትቀበላቸዋለች።

የመጠጫው ዕቃ ጎድጓዳ አይሁን፤ ጫጩት በትንሽ ውኃ ትሰጥማለች። ዝርግ ሸክላ ውስጥ ጠጠር ጨምራችሁ ውኃውን በላዩ አድርጉ፤ በየቀኑም አጥባችሁ ቀይሩ። ሰው የሚበላበት ዕቃ ለዚህ አይውልም።

ኩሱን በየጠዋቱ ጥረጉና ከውኃ ጉድጓድ ራቅ ብሎ በተቆፈረ ጉድጓድ ከአመድ ጋር አጠራቅሙት። ለጎመን ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ነገር ግን ወራት ቆይቶ ሳይበሰብስ ማሳ ላይ አይደረግ። የጠረገ ሰው እጁን በሳሙና፥ ከሌለም በአመድ ይታጠብ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሊጥ የሚነካው፥ ጡትም የሚሰጠው። ትልልቆቹ ልጆች ጫጩት ይወዳሉ፤ ያንሡ፥ ይጫወቱ፤ አፋቸው ላይ አይሳሟት እንጂ፤ ሲጨርሱም ይታጠቡ። በዳዴ የሚሄደው ልጅ ግን ዶሮ በማይደርስበት ቦታ በንጹሕ ሰሌን ላይ ይጫወት።

ስለ ፈንግል ብዙ አንልም፤ ክትባት እንዳለው ግን እወቁ። በዓይን ላይ በጠብታ የሚሰጥም አለ፤ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ከገበያ የገዛችኋትን ዶሮ ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ ሳታቆዩ ከእነዚህ ጋር አትቀላቅሏት። የሞተችውን ቅበሩ፤ ለውሻ አትጣሏት።

ዶሮዎቹ የወጡ ዕለት፥ ድሮ ያድሩበት የነበረውን የወለሉን አፈር ፍቃችሁ አውጡና በአዲስ ጭቃ ለቅልቁት።

በመጀመሪያው ማታ ዶሮዋ አዲሱን ቤት ትታ ወደለመደችው ወደ ምድጃው አጠገብ መጥታ ትቆማለች። «እምቢ አለችኮ!» ብላችሁ ቅርጫቱን መልሳችሁ አትድፉባት። ዶሮ በጨለማ ደኅና አድርጋ ስለማታይ አትታገልም፤ ሲመሽ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ከነጫጩቶቿ አስገቧትና በሩን ቀርቅሩ። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ክፈቱላት። አራት አምስት ማታ እንዲህ ካደረጋችሁ በኋላ ራሷ ጫጩቶቿን አስከትላ ትገባለች፤ ለጫጩቶቹ መወጣጫ የሚሆን ጠፍጣፋ እንጨት በበሩ ላይ አጋድማችሁ መተው ብቻ ነው፤ በሩን ስትዘጉ መወጣጫውን አንሡት።