ከሰሉ ደጅ ይደር

ሐምሌ ገብቷል፤ አዲስ አበባም በርዷታል። ከቀበናና ከግንፍሌ ወንዝ ዳር የምትኖሩ፣ ዝናቡ ሲበረታ ልጆቻችሁን ከወንዙ አርቁ፤ የደጃችሁንም ቦይ ከፌስታል አጽዱ።

ዛሬ ግን ሐሳቤ ያለው ከሰሉ ላይ ነው። ቡናው ተፈልቶ ፍም የቀረበት ምድጃ «ቤቱን ያሙቅልን» ተብሎ ወደ መኝታ ይገባል፤ በርና መስኮት ይዘጋል። ጭሱ ስለጠፋ አደጋው ያለፈ ይመስለናል። አላለፈም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የነቃውን ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ የተኛውን ግን ሳይነቃ ይወስደዋል። በየክረምቱ የምንሰማው ይህ መርዶ እጅግ ያንገበግባል፤ ምድጃውን ደጅ ማውጣት ብቻ ይበቃ ነበርና።

አከራዮች፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ለሚኖሩ ተከራዮቻችሁ ማታ በር አንኳኩታችሁ «ከሰሉ ወጥቷል ወይ?» ብትሉ ጣልቃ መግባት አይደለም፤ ጉርብትና ነው። አራስ ያለበት ቤት ደግሞ አብልጦ ይጠንቀቅ።

በከሰል ታፍኖ የወደቀ ሰው ካገኛችሁ፣ ያድነዋል ብላችሁ ወተት ፍለጋ አትሩጡ። በሩን ከፍታችሁ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ወዲያውም ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።