ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ

በቢቸናና በሞጣ፣ በከተማውም በገጠሩም ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ኦቲዝም ነው።

ኦቲዝም ምንድን ነው? የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። ሕፃኑ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት የሚፈልገውን በጣቱ አያመለክትም፤ ዓይን ለዓይን አያይም፤ ያንኑ ቃል ይደጋግማል፤ የለመደው ነገር ሲለወጥበት ይጮኻል። እንዲህ ያለ ምልክት ስታዩ አስቀድማችሁ ጆሮውን አስመርምሩ፤ የማይሰማም ልጅ ሲጠሩት አይዞርምና።

አንዳንዱ ሰው «ቡዳ በልቶት ነው»፣ «የእናቱ ኃጢአት ነው» ይላል። ስሕተት ነው። ይህ ወቀሳ የእኛ አገር ብቻ አልነበረም። በአሜሪካም «እናቲቱ ፍቅር ነፍጋው ነው» የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ። በርናርድ ሪምላንድ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር፣ ራሱም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አባባል ተቃወመ። ዛሬ እንደሚታወቀው ከዘር የሚወረስ ነገር ትልቅ ድርሻ አለው፤ ክትባትም ኦቲዝምን አያመጣም።

በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2021 በሞት ቢለዩም ለብዙ ወላጆች መንገድ አሳይተዋል።

«ታዲያ ዓባይ ማዶ ያለ ማዕከል ለሞጣ ልጅ ምን ይፈይዳል?» ትሉ ይሆናል። ሥራው ከቤት ይጀምራል።

አንደኛ፣ በአጭሩ አናግሩት። «ና፣ ብላ» ይበቃል፤ ዕቃውንም አሳዩት።

ሁለተኛ፣ የቀኑን ሥራ በአንድ ሥርዓት አስኪዱ። ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ንገሩት።

ሦስተኛ፣ ሥራን ከፋፍላችሁ አስተምሩት። እጅ መታጠብን ብንወስድ፦ ዛሬ እጁን ማርጠብ፣ ያንን ሲችል ሳሙና ማሸት፣ ቀጥሎ ማለቅለቅ። እኛስ ፊደል የቆጠርነው ከ«ሀ» ተነሥተን አይደል? ባወቀ ቁጥር አመስግኑት።

አራተኛ፣ ጠበል ብትወስዱትም ሕክምናውን አትተዉ። አትሠሩት፤ እንግዳ መጣ ብላችሁም ጓዳ አትዝጉበት። ሰው ያላየ ልጅ የሰው ነገር ከየት ይማራል?

መምህራን ሆይ፣ ፊት ወንበር ላይ፣ ከጫጫታ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ምልክቱን ያየ ወላጅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያማክር። ዕድሜ ሳይገፋ የተጀመረ እርዳታ ይበልጥ ይጠቅማል። ጎረቤትም እናቲቱን መውቀስ ትቶ፣ ውኃ እስክትቀዳ ልጁን ይያዝላት።

ደኅና ሁኑ።