ስውር ስፌት ከኮቺ እስከ ባዛራችን
በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር



ሕንድ ደርሳ መጣች ሲባል ስለ ታጅ ማሃል ወሬ የጠበቃችሁ ካላችሁ፣ አላየሁትም። የሄድኩት ወደ ደቡብ፣ ኬራላ ውስጥ ወዳለችው ኮቺ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረ፣ ቢየናሌ የሚሉት የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ፌስቲቫል አለ። እኔ ያየሁት በ2018 ታኅሣሥ የተከፈተውን ነው። ሥራዎቹን የመረጠችው አኒታ ዱቤ፣ በዚያ ቦታ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ ከአርቲስቶቹም ከግማሽ በላይ ሴቶች ነበሩ። ዋናው ማሳያ ድሮ ቁንዶ በርበሬና የኮኮናት ዘይት ይነገድበት የነበረ፣ ባሕር ዳር ያለ ግቢ ነበር።

ብዙውን አልፌ አንዱ ላይ ቆምኩ። ፕሪያ ራቪሽ ሜህራ የምትባል ሴት ሥራ ነው፤ ፌስቲቫሉ ሳይከፈት በዚያው ዓመት አርፋለች። ናጂባባድ በሚባል ከተማ የካሽሚር ሻል ከሚጠግኑ ሰዎች ጋር ለዓመታት ሠርታለች። እኛ አገር ስውር ስፌት የምንለው ነው። ጠጋኙ ጎበዝ በሆነ መጠን እጁ አይታይም፤ ስሙም እንደዚያው። እሷ ግን የተቀደደውንና የተጠገነውን ሆን ብላ እንዲታይ አድርጋ ሰቀለችው።

ኬራላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመ ኩዱምባሽሪ የሚባል የሴቶች መረብ አለ። መሠረቱ ከ10 እስከ 20 ሴቶች ያሉበት የሰፈር ቡድን ነው፤ በየሳምንቱ ተገናኝተው ይቆጥባሉ፣ ይበዳደራሉ። ከእቁባችን ብዙም አይርቅም፣ ቡናው ሲቀር። አንዱ ቡድን አስገባኝ። የኛን የጥልፍ ነጠላ ሳሳያቸው አንዲት ልብስ ሰፊ አገላብጣ አየችና በልጇ አስተርጓሚነት ጠየቀችኝ፤ «የሠራችው ማን ናት?»

ነጠላው ላይ ያለው የማኅበራችን ስም ብቻ ነው።

እህቶቼ፣ የዛሬው ሐሳቤ ይኸው ነው። ከመጪው ባዛር ጀምሮ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሠራችው አባል ስም ይሰፋ፤ ያልፈለገች ይቅርባት። ገዢዎች ማኅበሩን ትተው በቀጥታ እሷ ጋ ይሄዳሉ የሚል ስጋት እንዳለ ሰምቻለሁ። ቢሄዱስ? የተቋቋምነው እሷ ገበያ እንድታገኝ አይደለም እንዴ? የማኅበሩ ድርሻ ይቀንሳል ከተባለ፣ በቀጥታ ከመጣ ትዕዛዝ ስንት መቶኛ እንደምታስገባ እዚሁ እንወስን።

ለናሙና የ12 አባላትን ስም ሰፍቼ አምጥቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። የተሳሳተ ፊደል ካለ ንገሩኝ።